የሊብ አምባ ብርድ፣ የቆቦ አፈር

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣ መንገደኛ የግራካሱን ዳገት ሲጀምር «መስኮት ክፈቱልኝ» ይላል። ጠመዝማዛው ሲያልቅ ያው ሰው «ዝጉልኝ» ይላል፤ ጋቢ የያዘ ይደርባል፣ ያልያዘ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። አላማጣ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ፣ ኮረም ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየር በየ100 ሜትሩ ስድስት አስረኛ ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ ያ መንገደኛ አንድ ዳገት በመውጣቱ ብቻ ስድስት ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞታል።

ይቺን ስድስት ዲግሪ አንባቢ ይያዝልኝ። የዛሬ ሃያና ሠላሳ ሺህ ዓመት የኢትዮጵያ ደጋ ከዛሬው በምን ያህል ይቀዘቅዝ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ የሚሽከረከረው በዚህችው ቁጥር ዙሪያ ነው። በደምሳሳው ሲታይ፣ ያኔ ከአላማጣ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ባለችው ቆቦ የቆመ ሰው የኮረምን አየር ይተነፍስ ነበር። ኮረም የቆመው ደግሞ ጓሳና ጅባራ መካከል ነበር ማለት ነው። ቴርሞሜትር ሳይኖር፣ የጻፈ ሰው ሳይኖር፣ ይህን ማን አየው? ያየው ድንጋዩ፣ የሐይቅ ጭቃውና የአበባ ብናኙ ነው። የእነዚህ ምስክሮች ቃል ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም ግጭቱ ላይ ነው።

አስቀድሞ አንድ የቃል ጣጣ አለ። በአማርኛ «በረዶ» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገር እንላለን። ለራያ ገበሬ በረዶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ከሰማይ ወርዶ የሚያረግፈው ጠጠር ነው። ለሰሜን ተራራ እረኛ ሌሊት ወርዶ ጠዋት ሣሩን አልብሶ የሚገኘው ነጭ ነገር ነው፤ አንዳንዱ አመዳይ ይለዋል። ሦስተኛው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል የሆነው «ግግር በረዶ» ነው። የዓመቱ በረዶ ሳይቀልጥ የሚቀጥለው ዓመት እየተደረበበት፣ ውፍረቱ በሜትርና በአስር ሜትር እየተቆጠረ፣ በገዛ ክብደቱ ተጨንቆ ወደ ቁልቁል የሚንፏቀቀው ማለት ነው። ተራራ የሚቀርጸው ይሄኛው ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የተዘነጋባቸው ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ መነኩሴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየልን የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልተጠቀሰው ንጉሥ የሰሜን ተራሮችን ሲገልጽ፣ በረዶና ውርጭ የማይለያቸው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምባቸው ይላቸዋል። ከዘመናት በኋላ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ በረዶ መኖሩን መሰከረ፤ ጀምስ ብሩስ አላየሁም አለ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት አይቻለሁ ብሎ፣ ብሩስ ያላየው ግርጌውን እንጂ ተራራውን ስላልወጣ ነው ሲል ነገረኛ መልስ ሰጠው። ክርክሩ ያዝናናል፤ ስለ ግግር ግን የሚነግረን ነገር የለም። ሌሊት ወርዶ በቀትር የሚቀልጥ በረዶ ዛሬም ራስ ደጀን ላይ አለ። ግግር ግን የለም።

ግግር በነበረበት ቦታ ምን ይቀራል? ከተራራው ጫፍ ሥር ሦስት ጎኑ ገደል የሆነ፣ አንድ ጎኑ ክፍት፣ እንደ ትልቅ ወንበር የተቦረቦረ ጎድጓዳ ይቀራል። ውሃ ብቻ የቦረቦረው ሸለቆ ታቹ ሲጠብ፣ በረዶ የሄደበት ታቹ ሰፋ ይላል። የተፋቀ፣ የተጫረ አለት ይኖራል። ከሁሉም በላይ ግግሩ እየገፋ አምጥቶ ጫፉ ላይ ጥሎት የሄደው የድንጋይና የአፈር ግርድፍ ክምር አለ፤ ባለሙያዎቹ ሞሬን ይሉታል። ቤት የሚያህል ቋጥኝና ዱቄት የሚያህል አፈር ሳይለዩ ተደባልቀው ይገኙበታል። ውሃ እንዲህ አያደርግም፤ ውሃ የሚያወርደውን በመጠን በመጠኑ እያበጠረ ነው የሚጥለው።

ችግሩ፣ ናዳም እንዲሁ ማደባለቁ ነው። ከወልዲያ እስከ ማይጨው ያለው የምሥራቁ ገደላማ ጫፍ መሬት የሚንሸራተትበት አገር ነው። ከላይ የተገመሰ ተራራ ታች ወርዶ እንደ ጉብታ ተቀምጦ ሲታይ ሞሬን ይመስላል፤ ጎርፍ ያወረደው የጭቃና የድንጋይ ቁልልም እንዲሁ። ስለዚህ ጉብታውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። በላዩ በኩል በረዶ ሊጠራቀምበት የሚችል ጎድጓዳ አለ ወይ? ከፍታውስ ከጎረቤቶቹ ጋር ይስማማል ወይ? አንድ ሸለቆ ውስጥ ግግሩ 2600 ሜትር ድረስ ወርዷል ተብሎ የቀጣዩ ሸለቆ 3700 ላይ ከቆመ፣ አንዱ ጉብታ ናዳ ነው ማለት ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካና የኢትዮጵያ ጥናት ፈር ቀዳጅ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የበረዶውን ድንበር ወደ ላይ እየገፉት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያስተዳደሩት ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ያንን አገር በእግራቸው ያውቁት ነበር። እሳቸው የደረሱበት ድምዳሜ በመጨረሻው ቀዝቃዛ ዘመን ሰሜን ተራራ ከዛሬው 7 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ ነበር፣ ግግሮቹ ግን ጥቂትና ትናንሽ ነበሩ የሚል ነው።

በሁርኒ ሥራ ውስጥ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ጥያቄውን ያስቀመጡት በሀገሬው መለኪያ ነው። ገበሬያችን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ሲከፋፍል የሙቀት ካርታ ሠርቷል። ቀዝቃዛው ዘመን ማለት እነዚህ ቀበቶዎች በሙሉ ወደ ታች የተንሸራተቱበት ዘመን ነው። በየ100 ሜትሩ ስድስት አስረኛ ከሆነ፣ ስድስት ዲግሪ ማለት የ1000 ሜትር ቁልቁለት ነው። ውርጭ ደጋን ይወርሳል፣ ደጋ ወይና ደጋን፣ ወይና ደጋ ቆላን።

አሁን ወደ ራያ፣ ወደ ቆቦና አላማጣ አገር፣ እንመለስ። ከቆቦ ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ ከሚታየው ግድግዳ ጀርባ ሊብ አምባ አለ፤ ቁመቱ 4 ሺህ ሜትር ይጠጋል። ከእሱ አለፍ ብሎ፣ በላስታና በጊዳን መካከል፣ ከ4200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጂኦሞርፎሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰን የተሳተፉበት ጥናት ሁለቱን ተራሮችና ማይጨው አጠገብ ያለውን ፈራሕ አምባን ጨምሮ፣ ግግርና ውርጭ ጥለውት የሄዱትን አሻራ በዝርዝር ካርታ አስፍሯል። ከዚያ በፊት የሰሜኑ ኢትዮጵያ ወሬ በአብዛኛው ስለ ሰሜን ተራራ ነበር።

ምን ያህል በረዶ እንጠብቅ? ሂሳቡ ቀላል ነው። ቆቦ 1470 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 22 ዲግሪ ግድም ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ 2800 ሜትር ያህል ሲወጣ 17 ዲግሪ ይቀነሳል፤ 5 ይቀራል። የጥንቱን 6 ስንቀንስ ከዜሮ በታች 1 እንሆናለን። ለሊብ አምባ ያው ስሌት ከዜሮ በላይ 1 ገደማ ላይ ያቆመናል። ይህ ማለት እዚህ አገር ግግር ከነበረ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፀሐይ በማታገኘው ጎድጓዳ ተደብቆ፣ ነፋስ ባጋዘለት በረዶ የሚኖር ትንሽ ነገር ነበር። ሰፊ የበረዶ ሜዳ የሚፈልግ ሰው ላስታ ላይ አያገኝም። ትናንሹን፣ በናዳ በቀላሉ የሚምታታውን ነው መፈለግ ያለበት። ከዚያ በታች ግን ሰፊ መሬት የውርጭ ግዛት ሆኖ ነበር። ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ አለቱን የሚሰነጥቀው፣ የራሰውን አፈር እንደ ሊጥ ወደ ቁልቁል የሚያንሸራትተው ብርድ ማለት ነው። ዛሬም በእነዚያ ጫፎች ላይ ሌሊት ሌሊት የበረዶ መርፌ አፈሩን ያነሳዋል፤ በጥንቱ ሥራ ፊት ግን የልጅ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ የግራካሱ ምሳሌዬ መሰንጠቅ ይጀምራል። ስድስት አስረኛ ዲግሪ የምትለው ቁጥር የዛሬው እርጥበት ልክ ናት። ደረቅ አየር ከፍ ባለ ቁጥር ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ያ ዘመን ደረቅ ከነበረ፣ ተራራው 6 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ቆቦ 4 ብቻ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። የጫፉን ብርድ እንዳለ ወደ ቆላ ማውረድ ስህተት ነው። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ይቀድማል፤ ብርዱ ዝናብ ነበረው ወይስ ደረቅ ነበር?

ለዚህ ወደ ባሌ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰበት ጥናት እዚያ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ሰፊ ሜዳ ስለሆነም ነው። የላስታ ጫፎች ሹል ናቸው፤ ሹል ጫፍ በረዶ አይሸከምም። ሳነቴ ግን እንደ ምጣድ የተዘረጋ ስለሆነ ቀበቶው ትንሽ ዝቅ ሲል ሜዳው በአንድ ጊዜ ይነጣል። ያኔ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሥራ የባሌንና የአርሲን ሞሬኖች ዕድሜ ለክተዋል። አለካኩ አስደናቂ ነው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የድንጋይን ገጽ ሲመታ በውስጡ ክሎሪን-36 የተባለ ብርቅ አቶም ይፈጠራል። ግግሩ ሥር የነበረ ቋጥኝ ጨረር አያገኘውም፤ በረዶው ጥሎት የሄደ ቀን ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። በሌላው ዓለም የሚወደደው ዘዴ ባልጩት መሰል ነጭ ማዕድን የያዘ ድንጋይ ይፈልጋል፤ የእኛ ተራሮች በአብዛኛው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆኑ ያ አልሠራም፣ በክሎሪን ተተካ።

የወጣው ቀን ብዙዎችን አስገረመ። የባሌና የአርሲ ግግሮች ሰፍተው የነበሩት ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው እስከ 350 ካሬ ኪሎ ሜትር ሸፍነዋል። ቅዝቃዜው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ዲግሪ። ዓለም ግን ትልቁን በረዶ የተሸከመችው ከዚያ በኋላ፣ የዛሬ 22 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በበረዶ ሲሸፈኑ የእኛዎቹ ከትልቁ ስፋታቸው አልፈው ነበር፤ ከ18 ሺህ እስከ 16 ሺህ ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ሸሽተው አለቁ። እዚያው ሳነቴ ላይ እስከ 1000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ፣ 2 ሜትር ያህል የሚጠልቁ፣ ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ የቋጥኝ ትልሞች ተገኝተዋል። አራሹ ብርድ ነው። ያን ያህል ቋጥኝ የሚያንቀሳቅስ ውርጭ ዛሬ እዚያ የለም።

በዚያ ብርድ ሰው ነበረ ወይ? ነበረ። ባሌ ውስጥ ፍንጫ ሀበራ በተባለው፣ 3469 ሜትር ላይ ባለው የአለት መጠለያ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት አዳኞች ይመላለሱ ነበር። የተራራውን ትልቅ ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል፣ ለመሣሪያቸው ጥቁሩን የመስታወት ድንጋይ ከዚያው ከከፍታው፣ ከግግሩ ደጃፍ ለቅመዋል። ደጋ ለመኖር ገብስና ጋቢ ግድ ነው ብለን የምናምን ሰዎች ለዚህ መልስ የለንም።

ግን ለምን ቀድሞ ሰፋ፣ ለምንስ በዓለም ብርድ መሐል ሸሸ? ግግር የሁለት ነገር ልጅ ነው፤ የብርድና የዝናብ። ብርድ ብቻውን የሚሠራው ደረቅ ውርጭ ነው። አንድ ሞሬን ሲገኝ ብርድ ነበር ወይስ እርጥብ ነበር የሚለውን ለይቶ አይነግረንም፤ የሁለቱን ውጤት ነው የሚያሳየን። ለዚህ ነው የተራራው ምስክር ብቻውን ሸንጎ ላይ የማይበቃው። ሐይቅ መጠራት አለበት።

የመጀመሪያው ጣና ነው። ሄንሪ ላምና ባልደረቦቻቸው ከጣና ወለል ባወጡት የጭቃ ዓምድ ውስጥ ከ18700 እስከ 16700 ዓመት በፊት ሐይቁ እንዳልነበረ አነበቡ። የደረቀ፣ የጠነከረ ደለልና የረግረግ ሣር ቅሪት ነበር በቦታው። ጣና! ዓባይ የሚነሳበት ሐይቅ። በዚያ ጊዜ ገደማ የአትላንቲክ ሰሜን በተሰበረ የበረዶ ተራራ ተሞልቶ፣ ውቅያኖሱ ቀዝቅዞ፣ ወደ እኛ ክረምት የሚያመጣው ነፋስ ደክሞ ነበር። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል። የባሌ ግግሮች የሸሹት በዚሁ ጊዜ መሆኑን አስታውሱ። እኔን የሚያሳምነኝ ንባብ ይህ ነው፤ ግግሮቻችንን ያሳጣቸው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጥማትም ነው። ክርክሩ ግን አልተዘጋም፤ የሚያፈርሰው ማስረጃ ሊመጣ የሚችለው ከዚሁ ከሰሜኑ ተራሮች ነው፣ ያውም የሊብ አምባና የአቡነ ዮሴፍ ሞሬኖች እንደ ባሌዎቹ በክሎሪን ሰዓት ሲለኩ።

ሁለተኛው ምስክር ለቆቦ ጎረቤት ነው፤ አሸንጌ። ከኮረም ወጣ ብሎ፣ 2440 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ዛሬ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጥሩ ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ የገባው ዝናብ የሚወጣው በትነት ብቻ ስለሆነ ሲጎድል ይጨውታል፣ ሲሞላ ይጣፍጣል፣ ይህም ጭቃው ውስጥ ይመዘገባል። ጸሐፊዎቹ ዲያቶም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ፣ መስታወት መሰል ልባስ ያላቸው የውሃ አልጌዎች ናቸው። አንዳንዱ ዓይነት ጨው ይወዳል፣ አንዳንዱ ንጹሕ ውሃ፤ ሲሞቱ ልባሳቸው ወለሉ ላይ ተደራርቦ ይቀራል። የአሸንጌ ጭቃ 17 ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተነቧል። የዛሬ 16 ሺህ ዓመት ገደማ ጎደለ፤ ከዚያ ሞላ፤ ከ11 ሺህ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመት ውሃው ጣፋጭ ሆኖ ቆየ፤ ከ5 ሺህ ዓመት ወዲህ እንደገና እየደረቀ መጣ።

የአሸንጌና የጣና ቀን በትክክል አይገጥምም። ጣና ደርቆ በነበረበት ጊዜ አሸንጌ ገና ውሃ ይዞ ነበር። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን የቀን መቁጠሪያ ስህተት ብሎ ይዘለዋል፤ እኔ መዝለል አልፈልግም። ጣና ከምዕራብ የሚመጣውን የክረምት ዝናብ ይጠጣል፤ አሸንጌና ራያ ግን በልግም አላቸው፣ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣ። ራያ በልጉ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ሁለት ሐይቆች በአንድ ቀን አልደረቁም ቢባል አይገርመውም። አንድ ኢትዮጵያ፣ አንድ የአየር ንብረት የሚል ታሪክ ዱሮም አልነበረም።

ወሎ ውስጥ ያለው፣ ስሙም ራሱ «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ የተነበበው ጭቃው በዝቅታ ይጀምርና በእርጥቡ ዘመን ይሞላል። ያ እርጥብ ዘመን የመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር የዘንበሏ አቅጣጫ ቀስ እያለ ስለሚቀያየር፣ የሰሜኑ ክረምት ወራት ብዙ ፀሐይ ስላገኙ፣ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አምጪ ነፋስም ስለጠነከረ ነው። ሰሃራ ሣር ነበረው። አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ሄዶ የሚያልቅበት የአቤ ሐይቅ፣ ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስ እንዳሳዩት፣ 160 ሜትር ያህል ጥልቀት ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ግን በጣም ያነሰ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ከራያ ሜዳ ምሥራቅ ካለው ከዞብል ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የሚያየው በረሃ የዚያን ጊዜ ሌላ አገር ነበር።

ሥጋና ደም ያለው ምስክርም አለ። በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ይኖራሉ። በአገሪቱ በሙሉ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ እነሱም በየተራራው ጫፍ ተነጣጥለው። ዘረመላቸው ሲመረመር መለያየታቸው የዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ መጀመሩን ያሳያል፤ ማለትም የውርጭ ቀበቶ ወደ ላይ መሰብሰብ የጀመረበት ጊዜ። ብርድ በነበረ ጊዜ ሰፊ የነበረው የጓሳ አገር ሲሞቅ እንደ ጎርፍ ደሴት ተቆራረጠ። አንድ እንስሳ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ መቅረቱ ራሱ እንደ ሞሬን ይነበባል።

ከ3 ሺህ ዓመት ወዲህ ግን አዲስ እጅ ይገባል፤ ነገሩም ይወሳሰባል። ኢየን ዳርቢሸር፣ ሄንሪ ላምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርድቦ ጭቃ የአበባ ብናኝ ለይተው ቆጠሩ። የዝግባና የጽድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ይመነጠራል፤ ክትክታና ሣር ይተካዋል፤ ይህም ለ1800 ዓመት ይዘልቃል። ከዚያ ከ1400 እስከ 1700 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽድና ወይራ ተመልሰው ይበቅላሉ። በመጨረሻ እንደገና ይጠፋሉ። የደኑን መመለስ ዝናብ በዝቶ ነው የሚል አለ፤ ሰው ቀንሶ ነው የሚልም አለ። ብናኙ ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ጽዱ ለምን እንደበቀለ አይናገርም፣ መብቀሉን እንጂ። ያ ዘመን ደግሞ የጦርነትና የስደት ዘመን ነው፤ እዚያው ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ራሱ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጦርነቱ አላመለጠም። እኔ ወደ ሰው አደላለሁ፤ ዝናቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከብትና መጥረቢያ ባለበት ደን እንዲያ ተዝናንቶ አይመለስም ነበር።

በአስታ ዛፍ ድንበርም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራራው ላይ አስታ የሚያቆምበት ከፍታ የብርድ ድንበር ነው ይባላል። ነገር ግን ሊብ አምባ ላይ የማገዶ ድንበርም ነው። ሴቶች ለእሳት፣ ልጆች ለከብት በረት የሚቆርጡት ዛፍ ጫፍ የአየር ንብረት መለኪያ ሊሆን አይችልም። አንዳንድ ጊዜ ዛፉ ዝቅ ያለው ብርዱ ስለወረደ ሳይሆን መጥረቢያው ስለወጣ ነው።

እንግዲህ ከተራራው የወረደው ድንጋይና አፈር ሁሉ የፈሰሰበት ቦታ የት ነው? ቆቦ ነው። የራያ ሜዳ በምዕራቡ ግድግዳና በምሥራቁ የዞብል ሰንሰለት መካከል የሰመጠ መሬት ነው። ከምዕራብ የሚወርዱት ወንዞች፣ ጎሊና፣ ሆርማት፣ ዋጃ፣ ገደሉን ሲለቁ ኃይላቸው ይደክማል፤ የተሸከሙትን ድንጋይ በር ላይ፣ አሸዋውን ቀጥሎ፣ ሸክላውን ራቅ አድርገው እንደ ማራገቢያ ይዘረጉታል። አንዳንዱ ወንዝ ሜዳው ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፤ ጎሊና የምሥራቁን ተራራ ሰንጥቆ አፋር ይወርዳል። የሜዳው አፈር፣ ቁልቁል ሲቆፈር ከመቶ ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለው። ገበሬው ይህን በራሱ ቋንቋ ያውቀዋል፤ ቆቦ ሳይዘንብ፣ ላይ ደጋው ዘንቦ፣ ደረቁ ወንዝ ድንገት ደፍርሶ ይመጣል፤ ያኔ ጎርፉ በቦይ ተጠልፎ ማሽላው ውስጥ ይገባል። ውሃውም ደለሉም አንድ ላይ ነው የሚፈለገው።

ይህን የአፈር ዓምድ እንደ መጽሐፍ ማንበብ ያጓጓል። ጠጠር ከበዛ ደረቅና ኃይለኛ ጎርፍ፣ ሸክላ ከበዛ እርጥብና የረጋ ዘመን ማለት ያምራል። በመርህ ደረጃም የሚጠበቅ ነገር አለ። በቀዝቃዛው ዘመን ውርጭ ሊብ አምባን ሲሰነጥቅ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ተከመረ፤ የሚያወርደው ዝናብ ግን ትንሽ ነበር። ከ15 ሺህ ዓመት በኋላ ዝናብ ሲመለስ የተጠራቀመው ክምር ገና ተክል ሳይሸፍነው ወደ ሜዳው የወረደ ይመስላል። ከዚያ ደን ገደሉን ያዘው፤ ከዚያ ሰው ደኑን መነጠረው፣ አፈሩም እንደገና ወረደ። ግን ሌላ ተከሳሽ አለ። ሜዳው ራሱ እየሰመጠ ነው። ይህ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለሆነ፣ ምድር ስትሰነጠቅና ወለሉ ዝቅ ሲል ወንዙ ያለ አንዳች የአየር ለውጥ ብዙ ድንጋይ ያወርዳል። አንድ የጠጠር ንብርብር የዝናብ ደብዳቤ ይሁን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቀን ካልተለካለትና ከአሸንጌ ጋር ካልተገናዘበ አይታወቅም። በራያ ወንዞች ላይ የሠሩት ብያድግልኝ ደምሴና ባልደረቦቻቸውም ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ የወንዙ አልጋ ስፋት በላይኛው ተፋሰስ ቁልቁለትና በመሬቱ ሽፋን አንድ ላይ ይወሰናል።

የቆቦ–ጊራና ሸለቆ ከዓመታት ወዲህ ለመስኖ ብዙ ጊዜ ተቆፍሯል። መሰርሰሪያው ሲገባ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭቃ በየጥቂት ሜትሩ መሬት ላይ በትንንሽ ክምር ይደረደራል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ያሸዋል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አሸዋ። ጠጠር። ሸክላ። ጠጠር ከአሸዋ ጋር። እሱ የሚፈልገው ውሃ ያለበትን ጠጠር ነው፤ ሸክላው ምቀኛው ነው፣ ውሃ አይሰጥም። ለሐይቅ ጭቃ አንባቢ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ብናኝና ዲያቶም የሚቀመጠው በሸክላው ውስጥ ነው። ማሽኑ ወደ ሌላ ቀበሌ ሲሄድ ክምሮቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ልጆች ይረግጧቸዋል፣ ቀጣዩ የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ ከማሽላው ጋር ያስተካክላቸዋል።